«ኢየሱስ ጌታ ነው» ብለን ስናበቃ ማን ነው የሚያዘን?

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ማክሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። አለቃችን አማኝ ነው። ለታይታ የሚያምን ሰው አይደለም፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመራችን በፊት ሁላችንንም ሰብስቦ ይጸልያል። ሠራተኛ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ከኪሱ ይከፍላል። ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተሰቅሏል።

እዚያው ጽሑፍ ሥር ቁጭ ብለን ነው ሁለት መዝገብ የምንይዘው። አንዱ የእውነቱ፣ አንዱ ለገቢዎች የሚቀርበው። ደንበኛ ሲመጣ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብሎ ይጠየቃል። ያለ ደረሰኝ ካለ 15 በመቶው ቫት ይቀርለታል። ዕቃው ይወጣል፣ ብሩ ይገባል፣ በወረቀት ግን ምንም አልተሸጠም። ያንን ማታ ማታ በተለየ ኤክሴል ላይ የምሞላው እኔ ነኝ። የፋይሉ ስም «ሌላ» ይባላል። ለገቢዎች በየወሩ የሚቀርበውን ማሳወቂያ የማዘጋጀውም እኔው ነኝ፣ «ሌላ»ን ሳልነካ።

ባለፈው እሑድ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ የሚለኝ ሁሉ መንግሥተ ሰማያት የሚገባ አይደለም» የሚለው ተነበበ። ከልጅነቴ የማውቀው ቃል ነው። ሁሌም ስለ ሌላ ሰው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን አልመሰለኝም።

እናቴና ሁለት ወንድሞቼ በእኔ ደመወዝ ነው የሚኖሩት። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኢየሱስ ጌታዬ ነው ስል በዚያ ኤክሴል ላይም ሥልጣን አለው ማለቴ ነው? ወይስ እሱ የእሑድ ነው? እባካችሁ ስብከት አትላኩልኝ፣ ጠግቤያለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ጋሽ መርካቶ

ልጄ፣ እኔ ጸጉሬ የሸበተው መርካቶ ጨርቅ ስሸጥ ነው። እውነቱን ልንገርሽ።

እኔ ደረሰኝ ልቁረጥ ብል ደንበኛዬ ከእኔ ሁለት ሱቅ አልፎ ይገዛል። እዚያ 15 በመቶው ቫት ይቀርለታላ። መዝገቤን አጥርቼ ባቀርብም ኦዲተሩ አያምነኝም። «ይሄን ያህል ካሳየ ስንቱን ደብቋል» ብሎ ይጨምርበታል። አንዳንዱ ደግሞ ራሱ እጁን ይዘረጋል። «የቄሳርን ለቄሳር» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቄሳር ጠግቦ ያውቃል?

ጌታ የነጋዴን ልብ ያውቃል። እናትሽን ጦሟን አሳድረሽ የምታገኚው ጽድቅ የለም። ሥራሽን ሥሪ፣ አሥራትሽን አውጪ፣ ጸልዪ። የአለቃሽ ኃጢአት የአለቃሽ ነው።

የሰንበት ተማሪ

ጋሼ፣ ገበያውን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ እዚህ የለም፣ እሱን አልከራከርዎትም። ግን እህታችን ግብሩ ፍትሐዊ ነው ወይ ብላ አልጠየቀችም። የሚያዘኝ ማን ነው ነው ያለችው።

እህቴ፣ ስብከት እንዳትይብኝ እንጂ ማቴዎስ 7ን ካነሳሽ አይቀር ገጹን ገልበጥ አድርጊው። ያ ምዕራፍ የሚያልቀው ሕዝቡ ሲገረም ነው። እንደ ጻፎች ሳይሆን እንደ ባለ ሥልጣን ያስተምር ነበርና። ጻፎቹ የቀደሙትን መምህራን እየጠሩ ነው የሚያስተምሩት። እሱ ግን «እኔ ግን እላችኋለሁ» ይላል። ይህን ለማለት ወይ ድፍረት ወይ ሥልጣን ያስፈልጋል።

ከዚያ ምዕራፍ 8 ይመጣል። ቅፍርናሆም ሲገባ አንድ መቶ አለቃ ይቀርበዋል። አይሁዳዊ አይደለም፣ የአሕዛብ ወታደር ነው። ብላቴናው ሽባ ሆኖ ቤት ተኝቷል። ጌታ መጥቼ እፈውሰዋለሁ ሲለው ሰውዬው አይ፣ ቃል ብቻ ተናገር ይላል። አሁን ምክንያቱን ስሙት። «እኔም አዛዥ ነኝ» ብሎ አይደለም የሚጀምረው። «እኔም ከበላይ ያለ አዛዥ አለብኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ ነው ሂድ የምለው ይሄዳል፣ ና የምለው ይመጣል የሚለው። ወታደር ስለሆነ ገብቶታል። የእሱ ቃል የሚሰማው እሱ ራሱ ታዛዥ ስለሆነ ነው። ሥልጣን ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ነገር መሆኑን ከሰፈሩ አውቆታል።

ጌታም በዚህ ተደነቀ። በወንጌል ጌታ ተደነቀ የሚባለው በሁለት ነገር ነው። አንዱ የዚህ ሰው እምነት ነው። ሌላው በማርቆስ 6 ያገሩ የናዝሬት ሰዎች አለማመን ነው። የናዝሬት ሰዎች ስሙን አልሳቱም። እናቱን ያውቃሉ፣ ወንድሞቹን በስም ይቆጥራሉ። እንዲያዛቸው ግን አልፈለጉም።

እኛ ደግሞ ከመቁረባችን በፊት ቅዳሴ ላይ ከቤቴ ጣራ በታች ልትገባ አይገባም እያልን እንጸልያለን። የዚያ ወታደር ቃል ነው። ቃሉን ወስደን ታዛዥነቱን እዚያው ቅፍርናሆም ትተነው የመጣን ይመስለኛል።

ለጥያቄሽ በእኔ በኩል መልሱ አጭር ነው። የምንወደውን ነገር ሲያዘን የታዘዝነው እሱን ይሁን ራሳችንን አይለይም። የሚለየው የማንፈልገውን ሲያዘን ነው። «ሌላ» የሚለው ፋይል እዚያ ላይ ነው ያለው።

አጥብቆ ጠያቂ

ደስ ይላል። ግን ልጠይቅ፣ «በኢየሱስ ሥልጣን» የሚለውን በቀን ስንቴ ነው የምንሰማው? አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ በሥልጣን አዝዣለሁ ይልና የሒሳብ ቁጥሩን ከሥር ያወጣል። ሌላው ዘይት ይሸጣል። ሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» ይላል፣ ዝናብ ሲጥል ታሪፉ እጥፍ ይሆናል። ጎኑ የቆመው ሚኒባስ የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፏል፣ ታሪፉ ያው ነው። በዚህስ አንድ ናቸው።

ሃይማኖት ይጥፋ አላልኩም። ሁሉም ስሙን ከጠራ የማን ሥልጣን እውነተኛ እንደሆነ በምን እንለያለን? የሒሳብ ሠራተኛዋ አለቃም እኮ በስሙ ነው የሚጸልየው።

የመካነ ኢየሱስ ልጅ

አጥብቆ፣ ጥያቄህን ጌታ ራሱ ቀድሞ አንስቶታል። እዚያው ማቴዎስ 7 ላይ «በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን፣ አጋንንትን አላወጣንምን» የሚሉ ሰዎች አሉ። አላወጣችሁም አላላቸውም። አላወቅኋችሁም ነው ያላቸው። ስለዚህ ተአምርም ቢሆን መለያ አይሆንም ማለት ነው።

ለእኔ መለያው ሰውዬው ለሥልጣኑ ምን ከፈለ የሚለው ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ ደጋግሞ አስሯቸዋል። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ሕዝቤንና ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 1971 ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። ወደ ኋላ ከሄድን አቡነ ጴጥሮስ አሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928። ጣሊያን ለእኔ ተገዙ ብለህ ለሕዝቡ ንገር አላቸው፣ እንቢ አሉ፣ ተረሸኑ። ከእነዚህ አንዳቸውም ሥልጣን አለኝ ብለው ሲጮሁ አልተሰሙም።

አጥብቆ ጠያቂ

ለአንድ ኤክሴል ፋይል አቡነ ጴጥሮስን አመጣህብን? ደግሞ እኮ ለእነሱ ነገሩ ግልጽ ነበር። ገዢው አንድ ነገር ያዛል፣ ክርስቶስ ሌላ። እዚህ ግን መንግሥትም ግብር ክፈሉ ይላል፣ ኢየሱስም ክፈሉ ይላል። ግጭቱ የታል?

የመካነ ኢየሱስ ልጅ

ከሆዳችን ጋር ነዋ 😄

ሰማዕትነት ነው አላልኩም። ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእነሱ ጥይት ይዞ መጣ፣ ለእሷ ደመወዝ ይዞ መጣ።

ጸጋ ብቻ

ይቅርታ አድርጉልኝና ልጅቷን እያስጨነቃችኋት ነው። ዕዳው መስቀል ላይ ተከፍሏል! ሰው በሥራው አይድንም። እህቴ በጸጋው ዕረፊ።

የሰንበት ተማሪ

በሥራ እድናለሁ አላለችም እኮ። እምነት ያለ ሥራ በራሱ የሞተ ነው የሚለውስ ያዕቆብ የጻፈው ለማን ነው?

ጸጋ ብቻ

ያዕቆብን ከሮሜ 4 ጋር አብረህ ካላነበብክ

አወያይ

በቃ። ስለ ጽድቅና ሥራ የሚከራከር የራሱን ክር ይክፈት፣ ዘንድሮ ብቻ ስንቱን ዘግቻለሁ። እዚህ ሴትዮዋ የጠየቀችው ላይ ተነጋገሩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አሜሪካ ሆኖ ማውራት ቀላል ነው እንዳትሉኝ፣ እዚህም ያው ነው። በካሽ ካልሆነ አልሠራም የሚል አለ። ገቢውን አሳንሶ ሞልቶ ለልጁ የኮሌጅ እርዳታ የሚቀበል አለ፣ እሑድ ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጠው። ሰው ሲጠይቀው «ሁሉም ያደርገዋል» ነው መልሱ።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ቀራጩ ዘኬዎስ ነው። ጌታ ቤቱ ገብቶ ስለ ቀረጥ አንድ ቃል ሲናገር አናነብም። ቤቱ ዋለ። ሰውዬው ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች፣ ያታለልኩትን አራት እጥፍ አለ። ቁጥር ጠራ! እኛ ንስሐ ስንገባ ቁጥር አንጠራም።

ሪያድ ኩሽና

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስልክ የምይዘው ማታ ስለሆነ ዘገየሁ። ፊደል ከሳትኩም ይቅር በሉኝ።

ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የለም። ቅዳሴውን በስልክ ነው የምሰማው፣ አንዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ሰሃን እያጠብኩ። አንዱን ጆሮዬን ክፍት እተወዋለሁ፣ ማዳም ከጠራችኝ እንድሰማ።

የሰንበት ተማሪ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁላችሁም መቶ አለቃውን ሆናችሁ ነው የምታነቡት። እኔ ብላቴናውን ነኝ። ሂጂ ስባል የምሄደው፣ ነይ ስባል የምመጣው እኔ ነኝ። ታምሜ አውቃለሁ። ትኩሳት ይዞኝ ማዳም ፓናዶል ሰጥታኝ ምሳ አቅርቤያለሁ። ለቤት ሠራተኛዋ ብላ ሰው ፊት ቆማ የምትለምን አዛዥ እስካሁን አላየሁም። ያ ሰውዬ እኮ ሌላ ብላቴና መግዛት ይችል ነበር። እሱ ግን ሕዝብ እያየው ወጥቶ «ብላቴናዬ እየተሠቃየ ነው» አለ። መቶ ወታደር የሚያዝ ሰው! ሥልጣን የገባው እዚህ ጋ ነው ለእኔ። ጌታም ለማን እንደሆነ እያወቀ እሄዳለሁ አለ። ባሪያ ቤት ድረስ።

እኔም ፈተናዬን ልንገራችሁ። ማዳም እጇን ስትታጠብ ቀለበቷን አውልቃ ትረሳለች። ደመወዜ ሲዘገይ ያ ቀለበት ያናግረኛል። «ያንቺው እኮ ነው፣ ሠርተሽበታል» ይለኛል። እዚያ ጋ ካሜራ የለም። አንስቼ ኩሽና መስኮቱ ላይ አስቀምጥላታለሁ፣ ስትመጣ ታገኘዋለች። አመሰግናለሁ ብላኝ አታውቅም። ለእሷ ብዬ ባደርገው ኖሮ እስካሁን ተውኩት ነበር።

እህቴ፣ አለቃዬ የታመመ ይጠይቃል ብለሻል። እንግዲያው ሊሰማሽ ይችላል። ብቻውን ሲሆን ንገሪው። ሰው ፊት አታዋርጂው።

የሰንበት ተማሪ

ሪያድ ኩሽና፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ አስተምሬ ብላቴናው ጋ ቆሜ አላውቅም።

አጥብቆ፣ የጠየቅከው መለያም እዚህ ያለ ይመስለኛል። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሊቀ ጳጳሱ ዝቅ ብሎ በወይራና በወይን ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥብ አይተሃል? ዮሐንስ 13 ጌታ እንዲያ የሚያደርገው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው አውቆ ነው ይላል። ሁሉ በእጁ እንዳለ አወቀ፣ ከዚያ ተነሥቶ ፎጣ ታጠቀ። ሥልጣኑ ሲበዛበት ጎንበስ አለ። ዘይት ሻጩን በዚህ መዝነው። ሥልጣኑ ማንን ነው የሚያስጎነብሰው? ራሱን ወይስ አንተን?

አጥብቆ ጠያቂ

ይሄኛው መልስ ነው። ሚኒባሱ ግን ይቀረኛል።

ሕግ ቢጤ

እኔ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን ከወረቀቱ በኩል ነኝ። የታክስ አስተዳደር አዋጁ 983/2008 ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብን ወንጀል ያደርገዋል፣ እስራትም አለው። ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን የተባበረውንም ይነካል። «የአለቃሽ ኃጢአት የአለቃሽ ነው» ያሉትን ጋሽ መርካቶን አክብሬ፣ ፍርድ ቤት ግን እንዲያ አይልም። ሥራ ብትለቂ እንኳ የሞላሽው ማሳወቂያ ተከትሎሽ ይሄዳል። አለቃሽን ስታናግሪ ይህንንም ንገሪው፣ ለእሱም ያስብለታል።

ጋሽ መርካቶ

ሕግ ቢጤ፣ አዋጁን ለኦዲተሮቹም አንብብላቸው።

የሰንበት ተማሪ

ጋሼ፣ መጥምቁ ዮሐንስ አንብቦላቸው ነበር። ቀራጮች ምን እናድርግ ብለው ሲመጡ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ አላቸው። ሉቃስ 3። ስለዚህ የሚዘረጋውም እጅ አልተረሳም። የእርሱ መልስ ግን የእርስዎ አይሆንም።

ጋሽ መርካቶ

አንተ ልጅ ነገረኛ ነህ። እሺ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ (ዓርብ ማታ)

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ሪያድ ያለሽው እህቴ፣ ያንቺን ለእናቴም አነበብኩላት፣ አለቀሰች።

ዛሬ ሁሉም ከወጣ በኋላ ገብቼ ነገርኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ሌላ»ን ከእንግዲህ አልሞላም፣ ትክክል ያልሆነ ማሳወቂያም አላዘጋጅም አልኩት። የአዋጁንም ነገር አነሳሁ። ዝም አለ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «እዚህ ቤት አንቺ ብቻ ነሽ ክርስቲያን?» አለኝ። እኔ ራሴ ስሞላው እንደኖርኩ ነገርኩት፣ ከሌላው ተሽዬ አይደለም አልኩት። ትንሽ ቆይቶ «እንጸልይበት» አለኝ።

«እሺ፣ ጸልየን ስንጨርስ ማን ይሞላዋል?» አልኩት። ከአፌ አምልጦኝ ነው።

አላባረረኝም። አልተቆጣም። ፋይሉን ግን ዘንድሮ ተመርቆ ለገባው ልጅ አስተላልፊለት ብሎኝ ወጣ። ልጁ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። «ሌላ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፍላሹን ሰጠሁት፣ አላብራራሁለትም። አሁን ቤት ገብቼ እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል። እኔስ ከነገሩ ወጣሁ። ልጁስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጎበዝ ነሽ! ትልቁን አድርገሻል። ልጁ ትልቅ ሰው ነው፣ የራሱን ይወስን።

ሪያድ ኩሽና

አያውቅም አለች እኮ። ያላወቀ ሰው ምኑን ይወስናል?

ጋሽ መርካቶ

ልጄ፣ እጅ መታጠብማ ጲላጦስም ታጥቧል። ገበያ ውስጥ ይሄን ነገር ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ቆሻሻው ሥራ ሁሌም የሚሰጠው አዲስ ለገባው ነው፣ ሲያዝ የእሱ ፊርማ ነው የሚገኘው። ሰኞ ጠዋት ከጸሎቱ በፊት ልጁን ሻይ ጋብዢውና ምን እንደሆነ ቁጭ ብለሽ ንገሪው። የአዋጁን ቁጥር ጻፊለት። ከዚያ ወዲያ የራሱ ነው።

ደግሞ ስሚ። ከእኔ ጨርቅ የሚወስዱ አንድ ድርጅት አሉ። ሁሉንም በደረሰኝ ነው የሚገዙት፣ በደረሰኝ ነው የሚሸጡት። እንዴት እንደሚኖሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ግን አሉ። ሒሳብ ሠራተኛ እንፈልጋለን ሲሉ ሰምቻለሁ። ደመወዙ አሁን ከምታገኚው ያንሳል ብዬ እገምታለሁ፣ ቀድሜ ልንገርሽ። ከፈለግሽ ሲቪሽን በውስጥ ላኪልኝ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

እልካለሁ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የልጁንም አብሬ ልላክ?

ጋሽ መርካቶ

ላኪው። ቦታው ግን አንድ ነው።